ባትሪውን ማን ጨረሰው?

በመካነ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ሳልታክት የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ «መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ፍረዱ።» እኔ ግን ሳልለካ ፈርጄ የአንድ ሽማግሌ ስም አበላሽቻለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ነገሩ የመጣው በመኪናዬ ነው። ከአባቴ የወረስኳት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ቮልስ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት በኮፈኑ ሥር። የተከራየሁበት ግቢ በር ጠባብ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ፣ የሰፈራችን ዘበኛ ከሚያድሩባት የቆርቆሮ ቤት አጠገብ ትቆማለች። ዘበኛው ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ።

መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ባትሪዋ ያልቃል። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ጭ» ብሎ ዝም ይላል። ሽማግሌው ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ያገኙኛል፤ ዱላቸውን አጥሩ ላይ ያስደግፉና፣ «አብሽር መምህር! ቢስሚላህ በልና ማርሽ አስገባ» እያሉ በትከሻቸው ቁልቁለቱ ድረስ ይገፉኛል። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ማርሽ የምትለዋን ቃል የተማሩት እኔን ሲገፉ ነው።

በዚያ ክረምት ከተማው መብራት ካጣ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይዞ ቻርጅ ፍለጋ ይዞራል። ከሰፈራችን ግማሹ ቤት ዐረብ አገር ልጅ አለው፤ ስልኩ ከተዘጋ የልጁን ድምፅ አይሰማም። የሽማግሌውም ልጅ ጅዳ ናት። የእሳቸው ስልክ ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። የመኪናዬ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የአንዱ በር ቁልፍም ከተበላሸ ቆይቷል። አንድና አንድ ደመርኩ።

ሞካሪ አምፖል ይዤ ለግማሽ ሰዓት ብቀመጥ ነገሩ ያልቅ ነበር። ያልተቀመጥኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ኩራት ነው። የመኪናዋን ሽቦ ሁሉ በእጄ የዘረጋሁት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ማሰብ ሞት ሞት ሸተተኝ። ሰው መጠርጠር ቀለለኝ። ለጎረቤቴ ለእህል ነጋዴው በጨዋታ መሀል ጥርጣሬዬን ጣል አደረግሁለት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው።

እሑድ የሰፈሩ ጉዳይ ከሚታይበት ጥድ ሥር ተሰበሰብን። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ቄሱም ሼሁም ባሉበት ይጣራል፤ የተጠረጠረም ይምላል። ሽማግሌውን ይማሉ አሏቸው። ብድግ አሉና፣

«ለባትሪ ብዬ የአላህን ስም አልጠራም» አሉ። «አልነካሁም ብያለሁ፤ ያመነ ይመን።»

ሰዉ አጉረመረመ። የእህል ነጋዴው፣ «ንጹሕ ቢሆኑ ምን ያስፈራቸው ነበር?» አለ። ሼሁ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተ የኤሌክትሪክ ሰው ነህ። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?»

«ሁሉንም መርምሬያለሁ» አልኩ።

አንዲትም ሽቦ አልመረመርኩም ነበር። ሽማግሌው ግን መርምሬያለሁ ስል ያመኑኝ መሰለኝ፤ ግራ ተጋብተው አዩኝና ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። በማግሥቱ ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። «ጭ» አለ።

ከአንድ ባጃጅ ነጂ ባትሪ ተውሼ አስገባሁ፤ የኔጌቲቩን ገመድ ግን አላሰርኩትም፤ በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገናኘሁ። ሁሉ ነገር በጠፋበት መኪና ያቺ አምፖል ልትበራ አይገባትም ነበር። በራች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጠፋች።

ፊውዙ ኮፈኑ ሥር ላለችው አምፖል ነው፤ ዕቃ ለማየት ብዬ ከዓመት በፊት የገጠምኳት። እንደ ፍሪጅ መብራት ኮፈኑ ሲከፈት እንድትበራ፣ ሲዘጋ እንድትጠፋ ነበር የታሰበው። ገመዱን አስሬ፣ ፊውዙን መልሼ፣ ኮፈኑን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ከፈትኩና ወዲያው አምፖሏን ነካኋት። ጣቴን አቃጠለችኝ። ማጥፊያዋን አጣምሜ ስለገጠምኩት ተዘግቶባትም ትበራ ኖሯል።

ማጥፊያውን አቃናሁት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በየጠዋቱ በአንድ ቁልፍ ትነሣ ጀመር። የእህል ነጋዴው ይህን አይቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አየህ መምህር? ዘበኛው ሲቀየር ባትሪው ዳነ!»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። የጠገንኩት ሽቦ በሽማግሌው ላይ ምስክር ሲሆን ቆሜ አየሁ።

በሳምንቱ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አምፖሏን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስልኬን የምሞላው መስጊድ ባለው ሶላር ነው» አሉኝ። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ከጥዱ ሥር አዋርደኸኝ ይቅርታውን ጓዳዬ ድረስ ታመጣለህ? ስሜን ከጣልክበት አንሣልኝ፣ ልጄ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው። በማግሥቱ ፈተና ማረም ነበረብኝ። ከዚያ ዝናብ ሆነ። ከዚያ ቄሱ መንገድ ሄዱ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ወር በገበያ ቀን ከባድ ጉም ስለነበር የፊት መብራት አብርቼ ነዳሁ፤ ሳላጠፋው ወርጄ ገበያ ገባሁ። ስመለስ ባትሪው አልቋል። ከእህል ተራው ሰው ተሰበሰበ፤ ጎረቤቴ ነጋዴውም፣ ከጥዱ ሥር ከነበሩት ብዙዎቹም ነበሩ። ከመሀላቸው ሽማግሌው ወጡ። ዱላቸውን ለአንዲት ሴት አስያዙና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ዛሬስ ባትሪውን ማን ጨረሰው፣ መምህር?»

ሁሉም ሰምቷል። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ እውነቱን እንድናገር በር እየከፈቱልኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜም እኔ ነበርኩ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

«እኔው ነኝ፤ መብራት ረስቼ» አልኩ።

የቀረውን ሳልጨምር ማርሽ አስገባሁ። ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ትከሻቸውን መኪናዋ ላይ አስደገፉና «ቢስሚላህ በል» አሉ። አብሽር ግን አላሉኝም።

ሞተሩ ተነሣ። አቁሜ፣ ወርጄ መናገር እችል ነበር። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነዳኋት።