ወፍጮ ሰፈር አረንጓዴ የተቀባ ጊዜ

የምኖርበት ሕንፃ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ምድር ቤት ካለው የእህል መሸጫ የኑግ ሽታ ደረጃው ላይ ይከተለኛል። ብዙ ጊዜ ሳላስተውለው አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን መደገፊያውን ይዤ እቆማለሁ፤ ሽታው መካነ ሰላም፣ ልጅ ሆኜ የኖርኩበት ወፍጮ ሰፈር ያደርሰኛል።

ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው የናፍጣ ወፍጮዎቹና የኑግ ዘይት መጭመቂያው እዚያ ተጠጋግተው ስለተተከሉ ነው። በደርግ ጊዜ ጋራዥ የነበረ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘንም ነበረ። ጋራዡ ከተዘጋ በኋላ ግማሹን በጄኔሬተር የሚሠሩ ብረት በያጆች፣ ግማሹን እንደኛ ያሉ ቤተሰቦች ያዙት። ቤታችን የመጋዘኑ አንድ ጥግ ነበር። እናቴ ኑጉ ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ እየገዛች ለከብት አድላቢዎች ትሸጣለች። ጠዋት የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ እኛ ግን አንነቃም። የምንነቃው ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ነበር።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በርሜል ውስጥ ሞቆ በቦይ ይወርዳል። በዚያ ብርድ እኛ ልጆች እግራችንን የምንታጠበው እዚያ ነው። ሴቶቹም የወፍጮው ወረፋ እስኪደርሳቸው ልብስ ያጥቡበታል። ወረፋው ራሱ አንድ ሰፈር ነበር። ከሩቅ ቀበሌ በአህያ ጭነው የመጡ ሴቶች ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች እያወሩ ይውላሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤት ውስጥ ብዙም የማትናገረው እናቴ እዚያ ስትቀመጥ ትስቅ ነበር። እኔ አፋር ስለነበርኩ ከጀርባዋ ተሸሽጌ እሰማለሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ፤ በየበሩም በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ኮፍያ ያደረገ ወጣት መሐንዲስ ትልቅ ካርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መብራት ሲገባ ወፍጮዎቹ ወደ ከተማው ዳር እንደሚወጡ፣ በምትካቸው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑ ቤቶች እንደሚሠሩ፣ ዛፍ እንደሚተከል፣ ጭስ እንደማይኖር አስረዳ።

"ቅይጥ ሰፈር ይባላል" አለ።

"ልጄ፣ እኛ ከተቀየጥን እኮ ቆየን" አሉት የወፍጮው ባለቤት ሸህ ሰይድ፣ ጢማቸው ዱቄት እንደለበሰ። "ዱቄታችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል።"

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቀጠለች። "ደረጃ ወጥቼ ነው የምተኛው? ዶሮ ነኝ እንዴ ቆጥ ላይ የማድር?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መሐንዲሱም ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና "እስቲ የኛ የቱ ጋ እንደሆነ እዪልኝ" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሄድኩና አየሁ። የኛ ጥግ አረንጓዴ ተቀብቷል። ተመልሼ በጆሮዋ ነገርኳት።

ፊቷ በራ። "ልምላሜ ነዋ። ሌላው ሁሉ ቀይና ቢጫ ሲደርሰው ለኛ ደጉ ቀለም ደረሰን" አለችና ተነስታ መሐንዲሱን ትመርቀው ጀመር። ወጣቱ ግራ ገባው። ኮፍያውን አወለቀ።

"እናቴ፣ አረንጓዴው ቤት የማይሠራበት ነው። መናፈሻ ነው። ለእርስዎ ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል" አላት፣ በእጁ ከኮረብታው ማዶ እያሳየ። እናቴ ምርቃቷን ሳትጨርስ ተቀመጠች።

ከኮረብታው ማዶ ወፍጮ የለም፤ ፋጉሎም የለም። እሷ ግን ቀድማ የምታነሳው ሌላ ነበር። ማታ ማታ እሳቱን እየቆሰቆሰች "እዚያ ሄጄ ከማን ጋር ላወራ ነው?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሸህ ሰይድ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት። "በካርታው የኔ ቦታ ቤት የሚሠራበት ነው። ብቻዬን ፎቅ የምሠራበት ጉልበት የለኝም። አንድ ላይ እንሥራና ግማሹ ያንቺ ይሁን።"

"ልጆችዎ ምን ይላሉ?"

"ልጆቼ ጂዳ ናቸው። ሲደውሉ ይላሉ።"

ቤቱ ዓመታት ፈጀ። እናቴ ፋጉሎ ሸጣ ስትጨርስ ድንጋይ ታቀብላለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አሸዋ እሸከማለሁ። መዳፏ ተሰነጣጥቆ ጸጉሬን ስትሠራኝ ይቧጭረኝ ነበር። ቤቱ ሲያልቅ ፋጉሎውን ላይ አወጣችው፤ እኛ ከታች ከሱቁ ጀርባ ተኛን። መሐንዲሱ ሊያይ መጥቶ ደረጃውን ወጣና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"መኖሪያው እኮ ከላይ ነው እናቴ።"

"ፋጉሎ እርጥበት አይችልም ልጄ። እኛ እንችላለን" አለችው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረደ።

መብራት ሲገባ ወፍጮዎቹ ወጡ፤ የሸህ ሰይድም ወጣ። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ስብሰባው ላይ ተነግሯል። ሞተሩ ቢሄድም ሰዎቹ የሚቀሩ መስሏት ነበር መሰለኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጸጥታው ቀሰቀሰን። ቀጥሎ ዘይት መጭመቂያውም ከሰፈሩ ተነሳ፤ የጫኑ አህዮችም በሌላ መንገድ ዞሩ። የድሮ ጥጋችን ላይ የተተከሉት ችግኞች፣ አፈሩ የጋራዥ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ስለነበር፣ እየደጋገሙ ደረቁ። አፈሩ ተዝቆ ሌላ ሲሞላ ነው የያዙት።

አሁን ሰፈሩ ያምራል፤ አልዋሽም። መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ዛፎቹ ጥላ ሆነዋል፤ ወጣቶች ጥላው ሥር ተቀምጠው ያጠናሉ። ልጆቹ እንደኛ በጭስ አይስሉም። ሸህ ሰይድን ያ ሳል እስኪሞቱ አልተዋቸውም። እኔ የተማርኩት፣ የምኖርበትን ቤት የመረጥኩት፣ ማታ ገብቼ የምዘጋው በር፣ ሁሉም ከዚህኛው፣ ከመሐንዲሱ ካርታ ወገን ናቸው። ቢሆንም ከጎረቤቶቼ የአንዱን እንኳ ስም አላውቅም፤ ደክሞኝ እገባለሁ፣ ደክሟቸው ይገባሉ።

ባለፈው እረፍቴ አገር ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ጠዋት ጤፏን በባጃጅ አስጭና ከተማው ዳር ወዳለው ወፍጮ ወጣች፤ የተመለሰችው ሊመሽ ሲል ነው።

"ቆየሽ እኮ እማ" አልኳት።

"ወረፋ ነበር" አለችኝ ነጠላዋን እያራገፈች።

ወንፊቷን ረስታው ስለመጣች በማግስቱ እኔ ላመጣ ሄድኩ። ወፍጮው የመብራት ነው፤ እህሉን ሰጥተው ዞር ሳይሉ ዱቄት ይሆናል። እህል መቀበያው መስኮት ጋ አንድም ሰው አልነበረም። ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ግን አሮጊቶች ባዶ ጆንያቸውን አንጥፈው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ጆንያዋን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"የፋጉሎዋ ልጅ ነሽ አይደል? እናትሽ ዛሬ ቀረች እንዴ?"

ደክሞኝ ነበር። ተቀመጥኩ።