እንግዳ የማይሰነጥቀው ቤት

አባቴ የላሊበላ መሪጌታ ነበሩ። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ "የማጠናው ስለ ባትሪ ነው" ብላቸው፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ የሬዲዮ ድንጋይ ልታሰጪ?" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። በላስታ የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራና ለአንድ ዜና ይበቃል።

ለገና ስመጣ ልቤ አላረፈም ነበር። ለዶክትሬት እንድቀጥል ተፈቅዶልኛል፤ ከጋሸና ደግሞ ሽማግሌ ሊላክብኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ግን ያለ አባቴ ምርቃት የትም አልሄድም።

እንደ ደንባችን ቤታችን በተሳላሚ ሞላ። አባቴ የእንግዶቹን እግር ሲያጥቡ እኔ ውሃ እያፈሰስኩ ሥራዬን አስረዳኋቸው። የምሠራው ጥቁር ዱቄት ነው፤ የሬዲዮ ድንጋይ ውስጥ ያለው ዓይነት። በዓይን የማይታዩ ስስ ገጾች ተነባብረውበታል። ባትሪው ሲሞላ ከጨው የሚገኙ ቅንጣቶች በገጾቹ መካከል ይገባሉ፤ ኃይሉን ስንጠቀምበት ይወጣሉ። ሲገቡ ንብርብሩ ያብጣል፣ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። የእኔ ድካም እንዳይሰነጠቅ ነው።

"እሺ፣ ውሃ ጨምሪ" አሉኝ። አልሰሙኝም ብዬ በገንኩ።

በዓሉ አልፎ እንግዶቹ ሲበተኑ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። ጉዳያቸውን ተናግረው ሲያበቁ አንደኛው፣ "መሪጌታ፣ ልጅዎ ከዚህ በላይ ምን ቀርቷት ነው የምትማር?" አሉ።

"ቤት እየሠራች ነው" አሉ አባቴ።

"የምን ቤት?"

"የመብራት ማደሪያ። ለገና እዚህ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ገብቶ ያጨናንቃል፣ ወጥቶ ይሄዳል፤ በዓመቱ ደግሞ ይመለሳል። ግድግዳው ግን አይሰነጠቅም። እሷም እንዲህ ያለውን ቤት ከጥቁር ዱቄት ነው የምትሠራው። ገና አልጨረሰችም። ጅምር ቤት ጥላ ትዳር እንድትይዝ አላዝም።"

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ተመራርቀው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በብዙ አዳራሽ፣ በብዙ ምሁር ፊት አስረድቻለሁ፤ ተጨብጭቦልኛልም። እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ጓዳ ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በመምህሩ ፊት ዜማ እንደሚቀጽል ተማሪ፣ "የሳትኩት አለ?" አሉኝ።

"የለም፣ አባባ።"

"እንግዲያ ሂጂ ጨርሺው" ብለው መረቁኝ።