የበቆሎ ማሳው ሬዲዮ

የሬዲዮ ጣቢያችን ኃላፊ የግብርና ፕሮግራሜን «አድማጭ የለውም፤ ላሳጥረው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ድምፄ ገበሬ ቤት እንደሚገባ አልጠራጠርም። ምስክር ላመጣለት መቅረጫዬን ይዤ ቁይ ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄድኩ።

ገና ከመኪናው ስወርድ፣ ቀድሜ የቀዳሁት ፕሮግራም ከአንድ የበቆሎ ማሳ መሀል ያስተጋባል! ሬዲዮው እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ባለማሳው ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ማንነቴን ነግሬ መቅረጫዬን ደቀንኩላቸው።

«አንተ ነህ እንዴ? ተባረክ ልጄ! ምነው ሰዓቱን ብታስረዝምልን?»

ደረቴን ነፋሁ። «ከምክሩ የትኛው ጠቀመዎት፣ አባቴ?»

«ምክሩንስ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ዘፈን ሲሆን ዝንጀሮው ተሰብስቦ ይመጣል፤ አንተ መናገር ስትጀምር ግን ጥርግ ብሎ ገደሉን ይወርዳል።»