አምስተኛዋ ክፍል

እኔ ንባብ የጀመርኩት በንዴት ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ላይ እሠራለሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አጠገቤ የምትሠራው የኩታበር ልጅ ምግቧን ትታ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ሰው የሞተባት መስሎኝ ደነገጥኩ። «አብሽሪ፣ ማን ነው?» ስላት «ኧረ ማንም አይደለም፣ እዚህ ውስጥ ያለ ሰውዬ ነው» አለችኝ። በገንኩ። ለሌለ ሰው ተብሎ ምሳ ይተዋል እንዴ? «ስትጨርሺ ስጪኝ፣ ምን እንዳስለቀሰሽ ልየው» አልኳት። ሰጠችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ያውም ከሷ ብሼ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት ወደምትሄድበት ይዛኝ ሄደች። ከመስጊዱ ጀርባ ያለች ሻይ ቤት ናት። አምስት ነን፦ እኛ ሁለታችን፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ እና ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር። ማንም ሳይሾማቸው ሰብሳቢ የሆኑት ጋሼ ናቸው። በተራ «እኔ አሁን የማነበው ይሄን ነው» እንላለን፤ ከዚያ ለማን እንደሚሆን እንናገራለን። ሌሎቻችን ያነበብነውን ሁሉ ለሁሉም ሰው እናወድሳለን። የኩታበሯ ልጅ ግን ሰው አይታ ነበር የምትመርጠው። ለባጃጅ ሹፌሩ የሰጠችው አንድ መጽሐፍ አራት ዓመት ካኮረፈው ወንድሙ ጋር አስታርቆታል። እኔን ደግሞ «ይሄን አንቺ አታንብቢው፣ ትናደጃለሽ» ትለኛለች። እልኸኛ ነኝ፣ አነበዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ እከርማለሁ።

ችግሩ፣ ጥሩ መጽሐፍ ከተገኘ የሚገኘው አንድ ፍሬ ነው። አምስት ሰው አንድ መጽሐፍ ሲጠባበቅ ዓመት ያልቃል። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመጽሐፉን ጀርባ በምላጭ ሰንጥቄ አምስት ቦታ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱን ክፍል በወፍራም ክር ሰፋሁት። ጋሼ መጀመሪያ ሲያዩት ራሳቸውን ይዘው «ያ ረቢ! መጽሐፍ ይታረዳል እንዴ?» ብለው ጮኹ። በሁለተኛው ሳምንት ግን «ሁለተኛዋ ክፍል የታለች? ማን ነው ይዟት የተኛው?» እያሉ የሚያዋክቡን እሳቸው ሆኑ። አንዱ ያነበባትን ክፍል ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ አምስተኛዋ ክፍል ከሁሉም እጅ ስትወጣ መጽሐፉ አለቀ ማለት ነው። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ ፍጻሜውን ለሌላው የተናገረ ከመካከላችን ይወጣል።

እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ደንብ በኩታበሯ ጓደኛዬ እቀና ነበር። ተራዋ ሁልጊዜ ከእኔ ፊት ነው። ፍጻሜውን ቀድማ ታውቅና ማሽኗ ላይ ሆና አየት ታደርገኛለች፤ ፈገግ ትላለች፤ አንድ ቃል አይወጣትም። «ንገሪኝ ወይ ደግሞ ፊትሽን አዙሪ!» እላታለሁ። ትስቃለች። ወላሂ፣ ያ ሳቅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

የመጨረሻው መጽሐፍ ጋሼ ያመጡት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከተዘረፈው ቤታቸው የተረፈ፣ ሽፋን የሌለው፣ ርእሱ እንኳ የማይታወቅ። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአገር አገር ትዞራለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ግን እንዴት አድርጎ ይይዛል! ዕጣ አወጣን፤ በዚህኛው እኔ አራተኛ ወጣሁ፣ የኩታበሯ ልጅ ከኋላዬ የመጨረሻዋ ሆነች። በልቤ «ቆይ ብቻ፣ አሁን ደግሞ ፈገግ የምለው እኔ ነኝ» አልኩ።

አራተኛዋን ክፍል ባስተላለፍኩላት ሳምንት ታመመች። ልቧ ነው አሉ። ደሴ ሆስፒታል አስተኟት። ፈረቃ ቀይሬ ልጠይቃት ወጣሁ። አምስተኛዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ መንገድ ላይ ጨርሻት እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ጠመዝማዛው ራሴን አዞረኝ፤ አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ ደሴ ገባሁ። ከተማዋ በጉም ተሸፍና ነበር፤ የኮምቦልቻ ልብሴን እንደለበስኩ ስለነበር በብርድ ተንቀጠቀጥኩ።

አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ከሥታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። እናቷ ከኩታበር መጥተው ከግርጌዋ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ «አምስተኛዋስ?» አለችኝ።

«ውይ! ቤት ረሳኋት» አልኩ።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። እሷ ቀድማኝ እንድታውቅ አልፈለግኩም። አንዴ ብቻ፣ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ፣ እኔ ልቅደም አልኩ። «እሑድ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። «ታዲያ አትቆዪ» አለችኝ። በቀትር የዙህር አዛን ሲል ገብቼ የዐስር አዛን እስኪል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የፋብሪካውን ወሬ አወራኋት፤ አለቃችንን አማነው፤ ሳቅን።

ረቡዕ ሞተች። በዚያው ቀን ኩታበር ተቀበረች። አላህ ይዘንላት።

ከቀብር ስመለስ አምስተኛዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሥር ቀበርኳት። ለማንበብ ሞከርኩ፣ እጄ አልገልጥም አለ። ሻይ ቤት ስንገናኝ ጋሼ «የቀረችው ክፍል የታለች?» ሲሉኝ «ጠፋች» አልኩ። «ጠፋች? አንቺ ዘንድ?» ብለው አፈጠጡብኝ። መርፌ እንኳ ጥዬ አላውቅም፤ ያውቁኛል። የባጃጅ ሹፌሩ እንደ ልማዳችን «እሺ፣ አንቺስ አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» ሲለኝ የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። ምንም አላነብም ነበር። መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ገጹ ላይ እሷን ነው የማየው።

ይባስ ብሎ ድምፅዋ ተከተለኝ። ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ሲጮኹ በመካከላቸው «አምስተኛዋስ?» ይለኛል። ዞር እላለሁ፤ ቦታዋ ላይ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ተቀምጣለች። ሚኒባስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ መስገጃዬ ላይ ሳይቀር ይሰማኛል። አዛን ሲጀመር ያቋርጣል፤ ሲያበቃ ይቀጥላል። ማንን አማክራለሁ? እብድ ልባል ነው? በገዛ ጆሮዬ ተናድጄ አንድ ቀን «ተይኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። አዲሷ ልጅ ክሯን ጥላ ተነሳች፤ ከዚያ በኋላ ምሳዋን ራቅ ብላ ነው የምትበላው።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከረምኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ስልኬ ጠራ። የሷ ስም ነው የወጣው። አጥሩን ተደግፌ አነሳሁት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እናቷ። ስልኳን እኔ ነኝ የያዝኩት» አሉ። ደኅንነቴን፣ ቤተሰቤን፣ ሥራዬን ጠይቀው ሲጨርሱ «ያቺ ልጅ፣ ወንድሟን የምትፈልገው፣ አገኘችው?» አሉኝ።

እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ለካ ሆስፒታል ሳሉ ልጃቸው ከመጀመሪያዋ ክፍል ጀምራ ድምፅዋን እያሰማች ስታነብላቸው ነው የቆየችው። «አራተኛዋ ላይ ቆምን። ‹ጓደኛዬ እሑድ የቀረውን ታመጣዋለች› ብላኝ ነበር» አሉ።

«አላውቅም፣ እማማ። አላነበብኩትም» አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

«ከማን ዘንድ ናት?»

«ከእኔ ዘንድ።»

«እንግዲያው ይዘሽልኝ ነይ።»

እሑድ ሻይ ቤቱን ትቼ ሄድኩ። ደሴ ላይ የኩታበርን መኪና ያዝኩ። ቦርሳዬን መንገዱን ሙሉ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ ነበር። እማማ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ፤ አቀፉኝ፤ ሻይ ቀዱልኝ። ልጃቸው ስትመጣ የምትተኛበት አልጋ ከግድግዳው ጥግ እንደተነጠፈ ነው፤ አራቱ ክፍሎች ትራሱ ላይ ተደርድረዋል። «በይ አንብቢልኝ» አሉኝ።

አምስተኛዋን አወጣሁ። በገዛ እጄ የሰፋኋት ክፍል ናት፤ ግን ያን ጊዜ ምን ያህል ስስ እንደሆነች ልብ አላልኩም። ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው የምላችሁ፣ ልጅቷ ወንድሟን አገኘችው። በሕይወት አለ። እማማ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እጃቸውን አጋጩ፤ ፊታቸው በራ፤ ወደ አልጋው ዞር አሉ። የቀረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «እማማ፣ ያን ቀን ረሳኋት ያልኩት ውሸቴን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ቀድሜያት ላንብብ ብዬ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ አፈርኩበት፤ እኔ ማን ነኝና በሳቸው ፊት የማለቅስ?

አልጮኹብኝም። ብርጭቆውን አነሱ፤ በመዳፋቸው ሙቀቱን ለኩት።

«ያን ቀን ከዙህር እስከ ዐስር ነበር የተቀመጥሽው» አሉኝ።

ሻይ ሳይቀዘቅዝ የምታልቀውን ክፍል ያን ሁሉ ሰዓት ጭኔ ላይ ይዣት ነበር። «አፉ ይበሉኝ» ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ እማማ ተነሱ፤ ትራሱ ላይ ያሉትን ክፍሎች ወደ ጎን ገፋ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጡኝ። «እዚህ ተቀመጪ። ፊትሽን ወደሷ አድርጊ። ለኔ አንብበሽልኛል፤ አሁን ለሷ አንብቢላት።»

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ፣ ወንድምየው በር ከፍቶ ሲወጣ፣ ድምፄ ተቆረጠ። እማማ ጠበቁኝ። አላባበሉኝም።

«ቀጥይ እንጂ» አሉኝ፤ «እየጠበቀች ነው።»