የአዴ ሳዲያ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ እጅ ላይ የልጅነቴን መጽሐፍ፣ «ቡላ»ን አየኋት። ሽፋኑ ተቀይሯል፤ ወረቀቱም ነጥቷል። አህያዋ ግን ያው ናት፣ አንድ ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ ታየኛለች። ዋጋ እንኳ ሳልከራከር ገዛሁት።

ልጅ እያለሁ፣ ከተማችንን ጭሮን አሰበ ተፈሪ በምንልበት ጊዜ፣ ይህ መጽሐፍ በትምህርት ቤታችን አንድ ብቻ ነበር። ተራ ደርሶን ለሦስት ቀን ስንዋሰው የላምባና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። የደራሲዋን ስም ማንም አይጠራም፤ ለሁላችንም «ሴትዮዋ» ነበረች። ቡላ ከአንዲት ልጅ ጋር ውኃ የምታመላልስ አህያ ናት። ሴትዮዋ ስትጽፋት አቀበቱን የምትወጣው ቡላ፣ የሚያልበው ግን እኔን ነበር። እንዴት እንዳደረገችው እስካሁን አይገባኝም።

እናቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ጫት ታስር ነበር። ከሰዓት በኋላ በጫት ነጋዴው ግቢ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ቅጠሉን ሲለዩ እኔ አነብላቸዋለሁ። ንባቡ ከሥራ ስለሚያስጥለኝ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። «ቡላ የት ደረሰች?» ብለው የሚያስጀምሩኝ ከቦኬ ገጠር የመጡት አዴ ሳዲያ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛውም አልፎ አልፎ ያስቸግራቸዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ መጽሐፉ በማግስቱ ሊመለስ ሲል፣ ገጹን ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞኝ ወደ ታች ወረደ። ቡላን ጅብ ይበላታል። ሴቶቹን ቀና ብዬ አየሁና አፌ ያመጣልኝን ቀጠልኩ፤ ቡላ በእርግጫ የጅቡን ጥርስ አርግፋ እየዘፈነች ቤቷ ገባች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም መጽሐፉን ዘጋሁ።

አዴ ሳዲያ ብቻ እልል አላሉም። ሌሎቹ ውኃ ሊጠጡ ሲነሱ ጠሩኝ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ቡላ ሞታለች አይደል?»

«እንዴት አወቁ?» አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ።

«እስከ ጅቡ ድረስ ሴትዮዋ ናት ያወራችልን። ከጅቡ በኋላ አንቺ ነሽ።» ሳቁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ወላሂ አልቆጣም፣ የሴትዮዋን አንብቢ።»

እያፈርኩ ለሁሉም ደግሜ አነበብኩ። ሴትዮዋ ስለ ጅቡ ብዙ አልጻፈችም። በነጋታው ልጅቷ ጄሪካኑን ራሷ ተሸክማ ትሄዳለች፤ ቡላ ሁልጊዜ ቆም የምትልበት ድንጋይ ጋ ስትደርስ እሷም ቆም ትላለች። ይኸው ነው። የሴቶቹ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀረ። ወደ ድሬዳዋ የሚጣደፈው የጫት መኪና ጥሩምባውን ቢነፋ የሚሰማው ጠፋ። ጫት ሲዘገይበት የሚያብደው ነጋዴ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። እኔ ፈራሁ። አይተናት የማናውቅ ሴት፣ በወረቀት ብቻ፣ የዚያን ሁሉ ሰው እጅ አስቁማለች።

አዴ ሳዲያ ዛሬ የሉም፣ አላህ ይዘንላቸው። ግቢው ፎቅ ሆኗል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደግሞ ከስልክ ላይ ቀና አትልም። ትናንት አጠገቧ ተቀምጬ ቡላን አነበብኩላት፤ እሷ ስክሪኑን በአውራ ጣቷ ትገፋለች። ጅቡ ጋ ስደርስ የድሮው ውሸቴ አፌ ላይ መጣ። ልጄ ናት፣ እንዴት አልዋሽላት! ግን አዴ ሳዲያ የሚሰሙኝ መሰለኝና የሴትዮዋን አነበብኩ።

ድንጋዩ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። አውራ ጣቷ ቆሟል።