ሳትጎነጎን የቀረችው ፀጉር

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ቀፊራ ገበያ ወርጄ፣ አንዲት ሴትዮ ዣንጥላ ሥር ተቀምጣ ቀሲል ስትሰፍር አየሁ። ቀሲል የዛፍ ቅጠል ነው፤ ደርቆ ይፈጫል፣ ሶማሌዎቹ ፊታቸውንና ፀጉራቸውን ይታጠቡበታል። ንፋስ ቢጤ መጣና አረንጓዴው ዱቄት ብን ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዝናብ የነካው ገለባ ይሸታል። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባጃጁ ከኋላዬ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ባለጋሪው «እህቴ፣ መንገድ!» ይላል፤ እኔ ግን ግቢያችን ውስጥ ሳፋ ላይ አጎንብሼ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በማጅራቴ እየወረደ፣ ልጄ ከበስተኋላዬ እሪ ስትል ነበር የሚሰማኝ።

አንቺም አሁን አራስ ስለሆንሽ ልንገርሽ።

ፀጉሬ ጥቅልል ነው። ሲደርቅ ወደ ላይ፣ ሲረጥብ ወደ ታች ይሄዳል፤ እኔ ወደምፈልገው ግን ሄዶ አያውቅም። ሳልወልድ በፊት ኩራቴ ነበር። ለቅቄው ከዚራ ሰፈር ስሄድ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች «አቦ፣ ጥላው ለሁለት ይበቃል!» ይሉኝ ነበር፤ የተቆጣሁ መስዬ ደስ እያለኝ አልፋቸዋለሁ። ከወለድኩ በኋላ ግን ያው ፀጉር ጠላቴ ሆነ። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ልጅ ታቅፈሽ፣ ያ ሁሉ ፀጉር አንገትሽ ላይ ተጣብቆ፣ ላብና የግት ወተት አንድ ላይ ሲሸትሽ፣ ውበት የሚባለው ነገር ትዝም አይልሽ። ልጄ ደግሞ ነገር መጨበጥ የለመደችው በእኔው ፀጉር ነው። በዚያ ላይ መርገፍ ጀመረ። ትራስ ላይ ፀጉር፣ ሚዶው ላይ ፀጉር፣ ሽሮው ውስጥ ሳይቀር ፀጉር። ባለቤቴ አንድ ቀን ከጉርሻው መሀል አንዱን መዞ አወጣና «ይሄንንም ልዋጠው?» አለኝ።

የወሊድ ፈቃዴም እያለቀ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። ማሽን ላይ የምትቀመጥ ሁሉ ፀጉሯን ቆብ ውስጥ መክተት አለባት፤ የእኔን ግን ቆቡ አልችል ብሎ ይተፋዋል። አለቃዬ ደውላ እንኳን ማርያም ማረችሽ ካለችኝ በኋላ ቀጥላ የተናገረችው «ስትመጪ ያንን ፀጉር አንድ ነገር አድርጊው» የሚል ነው። ሥራዬን እወደው ነበር። ልጄንም እወዳታለሁ። ሁለቱንም የምይዝበት መላ የፀጉሬ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሱ በእጄ ነው።

ለአራስ ደግሞ ምክር አይጠፋም። ባለቤቴ «ቁረጪውና ተገላገይ» አለ። ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዬ በፒያስትራ ልተኩስልሽ አለችኝ፤ ተኩሳልኝም ነበር፣ ቤቴ ሳልደርስ በላብ ወደነበረበት ተመለሰ። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ሶማሌ ናት። ሶማሌ የአባቱን እህት ኤዶ ይላል፣ መንደሩም ትንሽ ትልቁ ኤዶ ነው የሚላት። እሷ ደግሞ «ሻሽሽን ጠምጥሚና አርፈሽ ተቀመጪ» አለች። «እኔ የእኔን ያየው ባሌ ብቻ ነው። እሱስ ወላሂ፣ አይቶ ምን ጠቀመኝ?»

አማቴ ግን በምክር አልጀመረችም። ቀፊራ ሄዳ ቅቤ ገዝታ መጣች።

አማቴን «እሷ» ማለቴ እንዳይገርምሽ። እኔ ከደሴ ነው የመጣሁት፤ እሷ ደግሞ አባቷ ለባቡር ሥራ ወርዶ እዚሁ የወለዳት የድሬ ልጅ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት «ከኋላዬ ማን ቆሟል?» እያለች ዞር ትል ነበር። በዚያው እማዬና አንቺ ሆነን ቀረን። እናቴ ሳላገባ ነው ያረፈችው። አራስ ቤት ገንፎ ያገነፋችልኝ፣ ወገቤን በፍል ውኃ ያሸችኝ፣ «ግፊ፣ አይዞሽ» ስትለኝ እጄን የያዘችኝ እማዬ ናት። ስለዚህ ቅቤውን ይዛ ስትመጣ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ደግሞም አልፈለግሁም።

ሥራ ልገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ ማለዳ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፈች። እግሮቿ መሀል አስቀምጣኝ በሚዶ ስትፈለፍለኝ፣ ስትከፍል፣ ስትጎነጉን ረፋዱ አለፈ። ቅቤውን በአደስ ነበር ያሸችው። «ጠበቅ ላድርገው፣ አንድ ወር ይቆይልሽ» ትለኛለች፣ እኔም እንባዬን እየዋጥኩ «እሺ እማዬ» እላለሁ። ስትጨርስ መስታወት ሰጠችኝ። አምሮብኛል። አንዲትም ጥቅልል አልተረፈችም፤ ሁሉም ተስቦ፣ ተለጥጦ፣ ከማጅራቴ ላይ ታስሯል። ቅንድቤም አብሮ ወደ ላይ ተስቧል መሰለኝ፣ ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ አየኝና «ምን አስደነገጠሽ?» አለኝ።

የደጋ ቅቤ ግን ለድሬ ፀሐይ አልተሠራም። ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በዚያ የቀትር ሙቀት ቀለጠ። በግንባሬ ወረደ፣ በጆሮዬ ዞረ፣ በአንገቴ አድርጎ ደረቴ ውስጥ ገባ። እማዬ በጨርቅ እየተከተለች ትጠርገዋለች። እንስቃለን።

ልጄ ከእንቅልፏ ስትነሳ ላጠባት ታቀፍኳት። አፏን ከፍታ መጣችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ጥላ አለቀሰች። ጡቴን ወደ አፏ ባስጠጋሁት ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። በሌላኛው ሞከርኩ። ቆሜ፣ ተኝቼ፣ እያዜምኩ ሞከርኩ። አልቤ በጡጦ ብሰጣት ቀምሳ ተፋችው። እማዬ ስትይዛት ዝም ትላለች፣ ወደ እኔ ስትመለስ እሪ ትላለች። እንደዚህ ሆነን አነጋነው። ሲነጋ ጡቶቼ ደንጋይ ሆነዋል፣ የልጄ ድምፅ ሰልሏል።

እማዬ መጀመሪያ ዓይን ነው አለች፤ ትናንት «እንዴት ወፍራለች!» ያለችውን ባለሱቋን ጠረጠረች። ቀጥሎ ሆዷን ነው አለች። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብሎ ባጃጅ ፍለጋ ወጣ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሥራ ስገባ ልጄን ትቻት ልሄድ ነው እያልኩ ሳዝን የከረምኩት፣ ይኸው ሳልሄድባት ሄደችብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ለእናት ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ኤዶ ለቅሶውን በአጥሩ በኩል ሰምታ ድሪያ ቀሚሷን እየጎተተች መጣች።

«ናያ! ልጅቷ ምን ሆነች?» አለች። ናያ በሶማልኛ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ቆም ብላም ደግማ አየችኝ። «አቦ! እኔ እንግዳ የመጣባችሁ መስሎኝ። ይቺማ ሌላ ሴትዮ ናት!»

ለቀልድ ነበር ያለችው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። እማዬ ግን አልሳቀችም። ልጅቷን እንደታቀፈች ወደ እኔ ዞረችና ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን ተራ በተራ አየች። ጠጋ ብላም ራሴን አሸተተችኝ። ከዚያ ልጅቷን ለኤዶ ሰጥታ ሚዶውን ይዛ መጣች።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ያን ሁሉ ለፍተሽ...»

«ለማን ብዬ ነው የለፋሁት?»

ያንን ሁሉ ጉንጉን በገዛ እጇ ፈታችው። ስትጎነጉነው ከነበረው በሚፈጥን እጅ። ኤዶ ልጅቷን እንዳቀፈች በኩባያ ቀሲል በጥብጣ አመጣች፣ ቅቤ የሚያስለቅቅ ሌላ ነገር የለም ብላ። ሳፋው ላይ አጎነበስኩ። እማዬ ደጋግማ አሸችኝ፣ ደጋግማ አለቀለቀችኝ፣ አረንጓዴው አረፋ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ልጄ ታለቅሳለች። ቀና ስል ኤዶ ልጅቷን እጄ ላይ ጣል አደረገቻት።

የረጠበው ፀጉሬ ፊቷ ላይ ወረደ። ልጄ ዝም አለች። ዓይኗን አርገብግባ አየችው፣ እጇን ላከች፣ ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለችውን ጥቅልል ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ሁልጊዜ ስትጠባ የምትይዛት እሷን ነበር፤ እኔ ግን ስለሚያመኝ ብቻ ነበር የማውቃት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ስትውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። በዚህ መሀል ባለቤቴ «ባጃጅ ተገኘ!» እያለ በሩን በርግዶ ገባ። ሦስታችንም ባንድ አፍ «ዝም በል!» አልነው። ምስኪን ባልዬ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ኋላው ተመለሰ። ባለባጃጁንም ሸኘው።

እማዬ ወደ ኒሙ ዛፍ ዞራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። «እኔ እኮ ላሳምርሽ ብዬ ነው» አለች። ልጄን ከጡቴ ሳላላቅቅ ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩት። እናት የሌላት ሴት፣ ራሷን በቅቤ የሚያርስላት፣ ያራሰውንም ለልጇ ሲል መልሶ የሚያጥብላት ሰው ካገኘች ምን ቀረባት? ዛሬም ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

በማግስቱ እማዬ እንደገና አስቀመጠችኝ። ቅቤ የለም፣ አደስ የለም፤ ትንሽ ውኃ ብቻ። ከመሀል አናቴ ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋ ላላ ላላ ያለ ሹሩባ ሠራችልኝ። ግራ ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ግን አንዲቷን ጥቅልል ዘለለቻት። «ይቺ የእኔ አይደለችም» አለች፣ «የባለቤቷ ናት።»

ሥራ ስገባ ያቺን ጥቅልል በፀጉር ማስያዣ ጎን ላይ አጣብቄ ቆቡን እደፋበታለሁ። ቆቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኬ ሆነ። የመስመራችን ልጆች ግን «ሹሩባ ሠሪዋ መሸባት እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ማታ ቤት ገብቼ ቆቡን ሳወልቅ፣ ልጄ ከእማዬ እቅፍ ሆና እጇን ወደ ጆሮዬ ትልካለች፤ ቀኑን ሙሉ የት እንደነበርኩ አትጠይቀኝም። ብዙ የፀጉር ሥራ አይቻለሁ። እንደዚያ ያማረብኝ አላውቅም፣ እንደዚያ የጠቀመኝም የለም።

ልጄ አሁን ተማሪ ናት። ኤዶ ጂግጂጋ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ፀጉሬ ነው። ቀፊራ ያየሁትን ቀሲል ገዝቼ ገባሁ፣ በዚያው እሑድ ራሴን ታጠብኩበትና እንደ ወትሮው ከእማዬ ፊት ሚዶ ይዤ ተቀመጥኩ።

እማዬ እየረሳች ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጠፋባት ቀን አለ፤ ስሜንም፣ የልጇንም ስም ታጣዋለች። ጣቶቿ ግን ሲጎነጉኑ አይሳሳቱም። ያን እሑድም ቀስ እያለች ከፈለች፣ ጎነጎነች፣ ግራ ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ያችን ጥቅልል ዘለለቻትና እጇን አሳረፈች። ልጄ ከደጅ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘላለች፤ ስትቆጥር ድምፅዋ ግቢው ድረስ ይሰማል።

«ጠባች?» አለችኝ እማዬ፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ።

«ጠብታለች እማዬ» አልኳት። «ጠግባ ተኝታለች።»

«ተመስገን» አለችና እጇን ራሴ ላይ እንዳደረገች ቆየች።