በአንድ ፋይል የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አራት ነበርን፤ የቤቱ ባለቤት ጋሽ አለኸኝ፣ ጸሐፊዋ ትርንጎ፣ ከአዲስ ቅዳም የመጣው የአይሲቲ መምህር ደሳለኝ፣ እና እኔ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ኮምፒውተር የተማርኩት በራሴ ነው። የማስተርስ መግቢያ መስፈርት ማንበብ የለመድኩት ለጓደኞቼ ቅጽ ስሞላ ነው። የተቀጠርኩትም ለኦንላይን ማመልከቻ ነበር።

ደሳለኝ ውጭ አገር ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ስድስት ፕሮግራሞች መርጦ መጥቷል። የትምህርት ፈቃድ ተራው የደረሰው ለዚያ ዓመት ብቻ ነበር። ካልተሳካለት ለሌላ መምህር ይሰጣል።

«ዕድሌን ንገሩኝ» አለ።

«ትገባለህ! ምን ጥያቄ አለው?» አሉ ጋሽ አለኸኝ። ለሁሉም ደንበኛ የሚሉት ይህንኑ ነው።

«እስኪ ትራንስክሪፕቱን ልየው» አልኩ።

«ትርንጎ፣ ኮከብ ቆጣሪ ነው ለካ የቀጠርነው!» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

ጠቅላላ ውጤቱ 2.94 ነው። የጎተተው የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከሦስት በላይ ናቸው፤ አልጎሪዝም ኤ፣ ዳታቤዝ ኤ።

ቀጥዬ ሦስት መምህራኑ ፈርመው ማኅተም ያሳረፉባቸውን የድጋፍ ደብዳቤዎች አነበብኩ። በእኛ አካባቢ መምህሩ «ጽፈህ አምጣና ልፈርም» ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ወደ እኛ ዓይነት ቤት ይመጣል። ጋሽ አለኸኝ ለዚህ የሚሆን አንድ ፋይል ነበራቸው። የሚቀየረው ስም ብቻ ነው። ከዚያው ፋይል የወጡት ሦስቱም ደብዳቤዎች ደሳለኝን «ከክፍሉ አንደኛ» ይሉታል።

«በዚህ ሳምንት ይህንኑ ለሌሎች ሁለት ልጆች አትሜያለሁ» አለች ትርንጎ። «ያውም ከአንድ ክፍል ለወጡ። ያ ክፍል ስንት አንደኛ ነው ያለው?»

«ጋሼ፣ ይህ አይላክ» አልኩ። «ውጤቱን ያየ ሰው አንደኛ መሆኑን አያምንም። ከዚያ በኋላ እውነቱንም አያምንም።»

«እኔ ይህን ስጽፍ አንተ ማውስ መያዝ አታውቅም ነበር!»

«እውነትዎን ነው። ግን አይላክ።»

የመጀመሪያ ቀኔ የመጨረሻዬም የሚሆን መሰለኝ።

«ማኅተም አለው እኮ!» አለ ደሳለኝ። «ለቀነ ገደቡም አሥር ቀን ነው የቀረው።»

የመመረቂያ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቅሁት። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ ነው። በሥራው ያማከሩትና ከደብዳቤዎቹ አንዱን የፈረሙት መምህር አሁን የሚኖሩት ዳንግላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን ይዞ በሚኒባስ ወደ እሳቸው ሄደ። ሲመለስ እንደነገረን፣ መምህሩ የፈረሙበትን ደብዳቤ ገና ያን ቀን አነበቡት። «ልጄ፣ አንተን አስታውስሃለሁ። ይህ የተጻፈለትን ሰው ግን አላውቀውም» አሉት። ከዚያ ተቀምጠው ራሳቸው ጻፉ። መብራት ሲጠፋ መመዝገቢያው ውጤት ያጠፋ እንደነበር፣ ደሳለኝ ጥፋቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት እንደፈጀበት፣ ማንም ሳያዝዘው እንዳስተካከለው ጻፉ። ሌሎቹ ሁለት መምህራንም በዚያው ሳምንት እንደገና ጻፉለት።

ግምቴን የሰጠሁት ያኔ ነው። ከስድስቱ ፕሮግራሞች ሁለቱን ሰረዝኩ፤ ከሦስት በታች አያዩም። በሁለቱ ላይ «ሩቅ»፣ በሁለቱ ላይ «ቅርብ» ብዬ ጻፍኩ።

«ትገባለህ አልልህም» አልኩት። «ከቅርቦቹ አንዱ ግን ይቀበልሃል ብዬ አስባለሁ።»

መጋቢት ላይ ደወለ። «አንተ ኮከብ ቆጣሪ! ተቀበሉኝ! ከቅርቦቹ አንዱ ነው!» ሌሎቹ ሦስቱ አልተቀበሉትም። ፈቃዱን ተጠቅሞ ሄደ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ጋሽ አለኸኝ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው ያን ፋይል በእጃቸው አጠፉት።

«እንግዲህ ለተማሪዎቹ ማን ይጽፍላቸዋል?» አለች ትርንጎ።

«የሚያውቃቸው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አመልካቾች አስተናግጃለሁ። የማስተርስ ዕድል የሚገመተው ማስረጃዎቹ ሁሉ ተነብበው እርስ በርስ መስማማታቸው ከታየ በኋላ ነው።

ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱን የሰረዝኩበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ ማስታወሻዬ ላይ አላገኘሁትም። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ፣ ደሳለኝ፣ ትርንጎ፣ ካስታወሳችሁ ጨምሩበት። ጋሼም የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።